ሦስት ቤት የደረሳት ላም

ወተቱ ጣሳውን ሞልቶ በደንበኛዋ ጫማ ላይ ሲፈስ ሸምሲያ ልብ አላለችም። ዓይኗ ልጇ ራህማ በዘረጋችላት ስልክ ላይ ተተክሏል።

«ይኸው እማ፣ ፖስት አድርገውታል» አለች ራህማ እያለከለከች። «ሸምሲያ ኸይሩ፣ የወተት ላም እርባታ፣ ቦሌ ቡልቡላ። አምስት የሚታለቡ ላሞች። ለበረት ማሠሪያ ድጎማ ተፈቅዷል።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ራህማ ደገመችላት። ሸምሲያ ሦስተኛ ጊዜ ማስነበብ አሳፈራትና ጆጉን አስቀምጣ እልልታዋን ለቀቀችው። ፊት ለፊት ካለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ተቀበለቻት። የቡልቡላ ሰው እንዲህ ነው፤ እልልታ ከሰማ መጀመሪያ ይቀበላል፣ ምክንያቱን በኋላ ይጠይቃል።

ደስ ቢላት አይፈረድባትም። በከተማ ከብት የሚያረባ ሁሉ ክረምት ሳይገባ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ፍሳሹ ጉድጓድ የሚገባ በረት ይሥራ፣ ያልሠራ ከብቱን ይዞ ይውጣ የሚል መመሪያ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ይዞ ይውጣ ማለት አፍ ላይ ይቀላል። ወዴት? ላም በሚኒባስ ተሳፍራ አትሄድ። ባሏ ልብስ ተሸክሞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነው፤ አንድ ቀን ይቀናዋል፣ አሥር ቀን ባዶ እጁን ይገባል። ቤቱን ያቆመው ወተቱ ነው። ራህማን ኮሌጅ ያስገባት ወተቱ ነው። ስለዚህ መንግሥት የበረቱን ወጪ በድጎማ እጋራለሁ ሲል ሸምሲያ ከሰማይ የወረደላት መሰላት። ችግሩ አንድ ነበር፤ ድጎማው አምስትና ከዚያ በላይ የሚታለቡ ላሞች ላለው ሰው ብቻ ነው። የሸምሲያ አራት ናቸው።

አምስተኛዋ በየካቲት ፌስታል በልታ ሞተችባት። ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ ያወጣውን የላስቲክ ክምር ሸምሲያ እስከ ዛሬ በሕልሟ ታየዋለች። በረቱ ውስጥ አንዲት ጊደርም አለች፤ ጥጃ ሳለች ከጎረቤቷ ከዘርፌ የገዛቻት ናት። እርጉዝ ናት፤ መውለጃዋ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። መመሪያው ደግሞ የሚለው «የሚታለቡ» ነው። ሆድ አይቆጥርም።

እንግዲህ ስሟ ከነአምስት ላሞቿ እንዴት ወጣ ለሚል ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዘርፌ የቡልቡላ ተወላጅ ናት፤ አሁን ሊፍት የሚወጣበትና የሚወርድበት ቦታ ሁሉ ጤፍና ሽንብራ በነበረ ጊዜ እዚያው ተወልዳ ያደገች። ጴንጤ ናት፤ ላሞቿን የምታልበው መዝሙር እየዘመረች ነው። ላሞቿ ልክ አምስት ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ክብ ነጭ ምልክት ያላት፣ የቀኝ ጆሮዋም ጫፍ የተቀደደ ናት፤ ስሟ ቦቃ ነው። የሸምሲያ ጊደር የእሷ ልጅ ናት። የወረዳው ባለሙያ በየቤቱ ዞሮ ላሞቹን ሊያይ በመጣበት ዕለት ሸምሲያ በጠዋት ዘርፌ ደጅ ቆመች።

«ዘርፌ፣ ቦቃን ለአንድ ቀን አውሺኝ።»

«ገመዷንም ያዢ» አለቻት ዘርፌ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እዚህ ሰፈር መዋዋስ ነገር አይደለም። ለሠርግ ድስት፣ ለለቅሶ ወንበር፣ ለእንግዳ ፍራሽ ከጎረቤት ይመጣል። የቤቱን ጉድለት ለእንግዳ ማሳየት ነውር ነው። ባለሙያውም ከወረዳ የመጣ እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ፍራሽ ከተዋሱ ላም ቢዋሱ ምን ነውር አለው? ማንም ውሸት ነው ብሎ አላሰበም። ጋሽ ገብረሃንስም አላሰቡም። እሳቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ እሳቸውም ጋ አራት ላም ነው ያለው፤ እሳቸውም ወሬውን ሰምተው ዘርፌ ደጅ መጡ። እንግዲያው ቦቃ በዚያ ቀን ከዘርፌ በረት ወደ ጋሽ ገብረሃንስ፣ ከጋሽ ገብረሃንስ በጓሮ ወደ ሸምሲያ እየተነዳች ሦስት ቤት አስተናገደች። ይትባረክ የሚባለው ወጣት ባለሙያ የእያንዳንዷን ላም ፊት ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው አቁሞ በስልኩ አነሣ። ሸምሲያ ቤት ሲደርስ ቦቃን ትንሽ አፍጥጦ አያት።

«የሰፈራችሁ ላሞች ይመሳሰላሉ» አለ።

«እህትማማች ናቸው» አለችው ሸምሲያ።

ያን ዕለት ስለመሸ ቦቃ እዚያው አደረች። ሸምሲያ ከምስጋና ብዛት ፉርሽካ በጨው ለውሳ አበላቻት። ከዚያ ወዲህ ቦቃ አመል አወጣች፤ ወደ ወንዝ ስትነዳ በሸምሲያ በር ካለፈች ትቆማለች፣ ሸምሲያም በበሩ ቀዳዳ አንድ እፍኝ ታቀብላታለች። ዘርፌ «አባለግሽብኝ» እያለች ትስቃለች።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ራህማ ጣቷን እያንሸራተተች የሌሎቹን ጎረቤቶች ስም ታሳያለች። ዘርፌ ወጥታለች። ጋሽ ገብረሃንስም ወጥተዋል። ከእያንዳንዱ ስም ሥር የላሞቹ ፎቶ ተደርድሯል። የራህማ ጣት ድንገት ቆመ።

«እማ።»

«ምን?»

«ይቺ ቦቃ ናት። ይቺም ቦቃ ናት።» ወደ ላይ ተመለሰች። «የኛም ቦቃ ናት።»

ሦስቱ ፎቶ ላይ ቦቃ ያንኑ ክብ ነጭ ግንባሯን ይዛ፣ ያንኑ የተቀደደ ጆሮዋን አዘንብላ፣ እንደ ሙሽራ ወደ ካሜራው ታያለች።

ፎቶው ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ድሮ ድጎማ የሚሰጠው በዝምታ ነበር፤ ዶሮ ሳህን ላይ ካልሆነ በቀር አይቶ የማያውቅ ሰው የዶሮ እርባታ ድጎማ በላ እየተባለ ይታማ ነበር። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ጊዜ አዲስ አሠራር መጣ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የተቀባዩ ስም፣ ቦታው፣ የሚሰጠው ድጎማና የከብቶቹ ፎቶ በቴሌግራም ይለጠፋል፤ ከዚያ በአዳራሽ ለሕዝብ ትችት ይቀርባል፤ የሚቃወም እጁን ያወጣል። ሸምሲያ ራሷ «ደግ አደረጉ፣ ይውጣ፣ ሁሉም ይታይ» ብላ ስታጨበጭብ ነበር። ይውጣ ማለት የራስ ጉድ እስኪወጣ ድረስ ደስ ይላል።

ኮመንቱ እስከ ማታ አልጠበቀም። «ላሚቱ የት ነው የተመዘገበችው? እኔ ይኸው በቁጠባ አረጀሁ፣ እሷ ሦስት ቤት ደረሳት» ብሎ አንዱ ጻፈ። ሌላው «ባለሦስት መኝታ ነው?» አለ። ከሲኤምሲና ከየካ አባዶ ሳይቀር የማያውቁት ሰው ይስቅባቸው ጀመር። የሚስቁት ግን አላስፈሯትም። ያስፈራት አንዲት ኮመንት ናት፦ «ቅዳሜ አዳራሽ እንገናኝ። ኃይለሚካኤል።»

አቶ ኃይለሚካኤል የፊት ለፊቱ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጫማቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ከዝንብ ጋር ጦርነት ከገጠሙ ዓመታት አልፈዋል። ከብቶቹ በሙሉ ክረምት እስኪገባ መጠበቅ ሳያስፈልጋቸው ዛሬውኑ ቢወጡ ደስ ይላቸዋል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ለወትሮው ስብሰባ ሲጠራ ሰው ቤቱን ቆልፎ የሚደበቀው ሁሉ ዛሬ ወንበር ይሻማል። የወረዳው የግብርና ኃላፊ ወይዘሮ ሰምሃል መድረኩ ላይ ሆነው ደንቡን ተናገሩ።

«ስም ይነበባል፣ ፎቶ ይታያል፣ የሚቃወም ይናገራል። ተቃውሞም ሆነ ማስተካከያ የምንቀበለው እስከ ዛሬ ማታ ነው። ነገ የሚመጣ ሰው ወዳጄም ቢሆን አልሰማውም።»

የዘርፌ ስም ተነበበ፤ ቦቃ ስክሪኑን ሞልታ ታየች። ማንም አልተናገረም። የጋሽ ገብረሃንስ ስም ሲነበብ ቦቃ ተመልሳ መጣች፤ ከኋላ በኩል ሳቅ ተነሣ። የሸምሲያ ስም ሲጠራ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ብትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መድረኩ ጥግ የቆመው ይትባረክ ላብ በላብ ሆነ። አቶ ኃይለሚካኤል ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ።

«እኔ ቀልድ አልችልም» አሉ። «የሕዝብ ገንዘብ ነው። አንዲት ላም በሦስት ሰው ስም ልትደጎም ነው። ሁለቱ ዋሽተዋል፤ ወይም ሦስቱም።»

«ላሟ የማን ናት?» አሉ ወይዘሮ ሰምሃል። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ባለቤቷ ካልታወቀ ሦስቱም ይሰረዛሉ።»

ዘርፌ ተነሣች። «የኔ ናት። እጄ ላይ ነው የተወለደችው።» ይህን ብላ ተቀመጠች። አዋስኳቸው አላለችም። ያቺን ቃል ብትጨምር ሸምሲያና ጋሽ ገብረሃንስ እዚያው ይሰረዙ ነበር፤ ሸምሲያ ይህ ገብቷታል። ዘርፌ ቃሉን ለተዋሱት ነው የተወችላቸው።

ጋሽ ገብረሃንስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የኔ ናት» አሉ፣ ጣሪያውን እያዩ።

ዓይን ሁሉ ሸምሲያ ላይ ዞረ። አራቱ ላሞቿ ታዩዋት። ጭነት መኪና ላይ ሲወጡ፣ ደላላው ጀርባቸውን እየመታ ዋጋ ሲያወርድባቸው ታያት። ጋሽ ገብረሃንስ ከዋሹ እኔ ለምን እቀራለሁ አለች በሆዷ። ከዚያ ምላሷ ቀደማት።

«የኔ ናት።»

ዘርፌ ዞር ብላ አየቻት። አልተቆጣችም፤ ልክ የምታውቀው ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሳይላት እንዳለፋት ዓይነት ነው ያየቻት። ሸምሲያ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አፏን መልሳ ለመክፈት ስትል አዳራሹ ቀድሟት ተንጫጫ፤ አንዱ «እረኛው ይጠየቅ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰዉም ሰብሳቢዋን ሳይጠብቅ በሩን ሞልቶ ወጣ። ወይዘሮ ሰምሃል ቦርሳቸውን አንሥተው ከመከተል ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

የሰፈሩ ላሞች ጠዋት ጠዋት በቡልቡላ ወንዝ ዳር ባለችው ሣር ላይ አንድ ላይ ይውላሉ። የሚጠብቋቸው ቂርቆስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሦስቱም ቤት አዋጥቶ ይከፍላቸዋል። ያን ሁሉ ሕዝብ ከነስልኩ ሲያዩ ዱላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«አባት፣ ይህች ላም የማን ናት?» አሏቸው ወይዘሮ ሰምሃል።

ጋሽ ቂርቆስ ወደ ዘርፌ አዩ፣ ወደ ጋሽ ገብረሃንስ አዩ፣ ወደ ሸምሲያ አዩ። «እኔ የሦስቱንም ደመወዝ ነው የምበላው» አሉ። «ላሟን ጠይቋት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ልቀቋት። ወደ ቤቷ ትሂድ። እናንተ ተከተሏት።»

ሕዝቡ ይህን ወደደው። ሃሳቡን አቶ ኃይለሚካኤል እንኳ ደገፉት፤ ላም ጠበቃ አታቆምም አሉ። የቦቃ ገመድ ተፈታ።

ቦቃ ለጊዜው የሆነው ሁሉ የገባት አልመሰለችም። ቆመች፣ ጭራዋን አነሣች፣ ከአቶ ኃይለሚካኤል ነጭ ጫማ ፊት ለፊት እበቷን ጣለች። ሰውየው ወደ ኋላ ዘለሉ። ከዚያ ቦቃ እንደ ባለሥልጣን እየተጎማለለች አስፋልቱን ያዘች። ሕዝቡ በግራና በቀኝ አጀባት። ባጃጆች ጥግ ያዙ። «ቦሌ፣ ቦሌ፣ የሞላ» ሲል የነበረ የሚኒባስ ረዳት ጥሪውን አቋርጦ «ሙሽራዋን አሳልፏት» አለ። ከፎቅ በረንዳው ሁሉ ስልክ ተደገነ። ሸምሲያ ከራህማ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ትሮጣለች፤ ከላይ አውሮፕላን ጣሪያ ሊነካ ምንም ሳይቀረው ሲያልፍ እንኳ ቀና ያለ ሰው አልነበረም።

ቦቃ የጋሽ ገብረሃንስ በር ደረሰች። ጋሽ ገብረሃንስ በሩን አስቀድመው ከፍተውት ነበር፤ «ነይ የኔ ልጅ» ብለውም ጠሯት። ዞራም አላየቻቸውም። ሕዝቡ ሳቀ፤ እሳቸውም በሩን ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት።

ቀጥላ ወደ ዘርፌ መንገድ ታጠፈች። ዘርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ጌታ ሆይ» ትላለች በሹክሹክታ። ቦቃ ከዘርፌ በር ላይ ደረሰችና ቆመች። በሩን አሸተተች። ሸምሲያ አለቀልኝ አለች፣ ደግሞም ይለቅልኝ አለች፤ የትኛውን እንደምትፈልግ ራሷም አላወቀችም።

በዚያች ቅጽበት ቦቃ ራሷን ቀና አደረገች። ያቺ የተቀደደች ጆሮዋ ቀጥ አለች። ከዚያ ዞረች፣ ፈጠን አለች፣ ከዚያም ሮጠች። እየሮጠች ሸምሲያ ቤት ደርሳ ቆርቆሮውን በር በግንባሯ ጓ አደረገችው። «እምቧ» አለች፣ ደግማም መታችው።

መንገዱ በጭብጨባ ተሞላ። አንዱ ሸምሲያን ትከሻዋን ይመታታል፣ ሌላዋ ታቅፋታለች። ደስታ ቀድሞ መጣ፤ ሀፍረቱ ከኋላ ደረሰበት። ፉርሽካው ነው፣ ያ የጨው ፉርሽካ ነው ጉድ የሠራው ስትል አሰበች። በጭብጨባው መካከል የወይዘሮ ሰምሃል ድምፅ ተሰማ።

«በቃ፣ ላሟ መስክራለች። ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የወይዘሮ ሸምሲያ ይጸናል፣ የሁለቱ ይሰረዛል።»

ዘርፌ በሰው መሃል አልፋ መጣች። ሸምሲያ ስድብ ጠበቀች፤ ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ዘርፌ የቦቃን አንገት አንዴ ዳሰሰችና ገመዱን ሸምሲያ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«የግራ የኋላ ጡቷ ቆስሏል» አለቻት ቀስ ብላ። «ስታልቢያት እንዳይጠብቅባት፤ ቫዝሊን ቀቢላት። ደግሞ ካልዘመሩላት ወተቷን አትለቅም። አንቺ መዝሙር አታውቂም፤ መንዙማም ቢሆን በይላት።»

ይህን ብላ መንገዷን ጀመረች።

ሸምሲያ ገመዱን ይዛ ቆማ ቀረች። ቡልቡላ ውስጥ ያላት ዘመድ ማን ነው? ራህማ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠ ማን ነው? አራት ላም ይዞ ዘርፌን ማጣት ምን ዓይነት ማትረፍ ነው?

«ቃለ ጉባኤው ይቁም» አለች። ማንም አልሰማትም። «ይቁም አልኩ» ብላ ጮኸች፤ ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«ላሟ የዘርፌ ናት። ወላሂ የዘርፌ ናት። ተዋስኳት፤ እንደ ወንበር፣ እንደ ድስት ተዋስኳትና በዚያ ላይ ደግሞ የኔ ናት አልኩ። እኔ ያሉኝ አራት ናቸው። ወደዚህ የሮጠችው ፉርሽካ ስለማበላት ነው። የኔን ሰርዙት፣ የዘርፌን መልሱ።»

ጋሽ ገብረሃንስ ከሰው ጀርባ ሆነው «የኔም አይደለችም» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ወይዘሮ ሰምሃል መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ይሰረዛሉ ወይዘሮ ሸምሲያ። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።» እንባዋ ይወርዳል፤ ግን መተንፈስ እንዲህ ቀላል እንደሆነ ረስታው ነበር። «ገብቶኛል፣ ሰርዙት።»

ቦቃ ግን አልተሰረዘችም። ንግግሩ ሁሉ አልጣማትም፤ በሩን ለሦስተኛ ጊዜ መታችው። ፉርሽካ ፈላጊ ላም እንዲህ አትሆንም። ዘርፌ ከሄደችበት ቆመች፤ ጆሮዋን አቀናች።

«ዝም በሉ» አለች። «ሁላችሁም ዝም በሉ።»

መንገዱ ዝም አለ። ከበሩ ውስጥ ረዥም፣ የታፈነ ማቃሰት ተሰማ።

«ጊደሯ» አለች ሸምሲያ። «ያረቢ፣ ጊዜዋ አይደለም እኮ።»

«ጊዜዋን አንቺ ነሽ የምትነግሪያት?» አለች ዘርፌ። ነጠላዋን ለራህማ ወርውራ ወደ በሩ ሮጠች። «ቦቃ ፉርሽካሽን አይደለም የፈለገችው፤ ልጇን ሰምታ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ጊደሯ በጎኗ ተኝታ ዓይኗ ፈጧል፤ የጥጃው ሁለት የፊት እግሮች ወጥተዋል፣ ቀሪው አልወጣም። ሴቶቹ ሁለቱም እጅጌያቸውን ጠቅልለው ገቡ፤ ከአሁን በፊት የተባለው ሁሉ ውጭ ቀረ።

«ስታምጥ ሳቢ፣ ስትተው ተይ» ትላለች ዘርፌ።

«ራሷን የሚይዝልኝ አጣሁ» ትላለች ሸምሲያ።

በሩ ላይ የተጋፋው ሕዝብ ከፊት የቆመውን ሰው ገፋ፤ ከፊት የቆሙት አቶ ኃይለሚካኤል ነበሩ። በነጭ ጫማቸው እበቱ መሃል ገብተው ተንበረከኩ፤ የጊደሯንም ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲሉ ተሰሙ፤ ለማን እንደሚሉ ግን አይታወቅም። ጊደሯ አማጠች። ሴቶቹ ሳቡ። ጋሽ ገብረሃንስ ከደጅ ሆነው መኪና እንደሚያስወጣ ሰው «ትንሽ፣ ትንሽ፣ አሁን» ይላሉ። ዘርፌ መዝሙር ጀመረች፤ ሸምሲያ ግጥሙን ባታውቀውም ዜማውን ተከተለች። ከዚያ አንድ ትልቅ፣ ትኩስና የሚያዳልጥ ነገር ሁለቱም ጭን ላይ ዝርግፍ አለ።

ዘርፌ አፍንጫውን ጠረገችለት። ጥጃው አስነጠሰ።

«ሴት ናት» አለች ዘርፌ እየሳቀች። «ግንባሯን እዪው።»

ግንባሯ ላይ ክብ ነጭ ምልክት አለ። ቦቃ በሰው መሃል ጥሳ ገባች፤ ልጇን አሸተተች፣ ከዚያም የልጅ ልጇን ትልስ ጀመር።

ሸምሲያ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ሰምሃል ቀሚሳቸውን ሰብስበው በረቱ ደጃፍ ቆሙ። ጥጃዋን ለረዥም ጊዜ አዩ፤ ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ።

«የተዋሱት ይሰረዛል፤ የባለቤቷ የወይዘሮ ዘርፌ ይጸናል» አሉ። «ግን ማስተካከያ እስከ ዛሬ ማታ ነው ያልኩት እኔው ነኝ። የወይዘሮ ሸምሲያ ስም ከሁሉም መጨረሻ ይገባል፤ የአቶ ገብረሃንስ ከቀረ የሚተርፍ ገንዘብ አለ። እንዲህ የምጽፈው ግን ሕዝቡ ከመሰከረ ብቻ ነው። ይትባረክ፣ ስልክህን አውጣ።» ወደ ጊደሯ ጠቆሙ። «ዛሬ የወለደችው፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትታለበው ይህች ላም የማን ናት?»

ሸምሲያ ጠዋት «የኔ ናት» ብላ ዋሽታለች፤ አሁን እውነት ሲሆን ቃሉ እምቢ አላት። ሕዝቡን ለማየትም አልደፈረችም። ያን ሁሉ ቀን የሳቁባት፣ ውሸታም መሆኗን በጆሯቸው የሰሙ ሰዎች ናቸው።

«የሸምሲያ ናት» አለች ዘርፌ፣ እስከ ክርኗ በደም የራሰ እጇን አንሥታ። «ጥጃ ሳለች እኔው ነኝ የሸጥኩላት።»

«የሸምሲያ ናት» አሉ ጋሽ ቂርቆስ። «ይህችን ጠይቃችሁኝ ቢሆን በነገርኳችሁ።»

አቶ ኃይለሚካኤል ጉልበታቸው እበት ላይ እንደሆነ፣ የላሟን ራስ እንዳቀፉ ቆዩ። «የወይዘሮ ሸምሲያ ናት» አሉ በመጨረሻ። «እኔም እመሰክራለሁ። ስሜን ጻፍ።»

ከዚያ በሩ ላይ ያለው፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው፣ መንገዱን የዘጋው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ተናገረ፤ ስሟን የማያውቅ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሳይቀር «የሸምሲያ ናት» አለ። ይትባረክ ላሟን ከፊት ለፊት አነሣት፤ ከዚያ እንዳይሳሳት ብሎ እያንዳንዷን ጆሮዋንም ለብቻ አነሣ።

ዘርፌ የሸምሲያን ክንድ ይዛ አስነሣቻት፤ ሸምሲያ የጓደኛዋን አንገት አቅፋ እልልታዋን ለቀቀችው። ከሦስተኛው ፎቅ ያቺ ሴት ተቀበለቻት፤ ዛሬ ለምን እንደሆነ ታውቃለች።